አሥራ አንድ በሬና አንድ ግዝት

ሰሞኑን ወጣቶች ቤቴ ይመጣሉ። ቀይ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በብብታቸው ሸጉጠው፣ ጭቃ የያዘ ጫማቸውን ሳይጠርጉ ገብተው ይቀመጡና ስለ ዩጎዝላቪያ ይነግሩኛል። ዩጎዝላቪያ ከሞስኮ ተጣልታ የራሷን ሶሻሊዝም ሠራች፤ እኛስ ለምን አንሠራም? ደቦ አለን፤ ወንፈል አለን፤ ርስት አለን። አባቶቻችን ስሙን ሳያውቁት ሶሻሊስቶች ነበሩ ይላሉ። እኔ ዝም እላለሁ። ዝምታዬን አንዱ ከዕድሜዬ ይቆጥረዋል፤ ሌላው ከፍርሃት። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ይህንኑ ንግግር፣ እነዚህ ልጆች ሳይወለዱ፣ በጣሊያን ዘመን፣ ከቡሬ ማዶ በፈጣም ገደል አፋፍ ላይ ባለች አንዲት መንደር ሰምቼዋለሁ። መስማት ብቻም አይደለም፤ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሠርተነዋልም። ዕድሜው ሦስት ሳምንት ነበር።

አባቶቻችን ሳያውቁት ሶሻሊስቶች ነበሩ የሚል ሰው በመቀናጆ ተራ ጠብቆ አያውቅም። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ገበሬ፣ እንደሱው አንድ በሬ ከቀረው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጅና አንድ ቀን የአንዱ፣ አንድ ቀን የሌላው መሬት ይታረሳል። በወረቀት ሲያዩት ፍቅር ይመስላል። ሰኔ ላይ ሲያዩት ግን ሁለት ሰዎች አንዱን ሰማይ ለሁለት ለመክፈል የሚያደርጉት ክርክር ነው። ያንተ ቀን በዓል ላይ ከዋለ ቀንህ ጠፋ። የጎረቤትህ ቀን ዝናብ ካባራለት እግዜር ለሱ ያደላል። አክስቴና ሽማግሌው ጎረቤቷ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓመት ሲጣሉ ኖረዋል፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ግን አንድም ቀን በሬዎቻቸውን ሳያቀናጁ አልቀሩም።

እኔ የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ፈረንሳይኛ ከሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ከተማዋ በጠላት እጅ ስትወድቅና የተማረ ሰው ሲለቀም ወደ እናቴ አገር ሸሽቼ የእናቴ ታናሽ እህት ቤት ገባሁ። ባሏ በደምበጫ መንገድ ላይ በተደረገ ውጊያ ሞቷል። ሦስት ልጆችና አንድ ዳልቻ በሬ ቀርተዋታል። ሁለተኛውን በሬዋን ጣሊያን ወሰደው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የበሉት ግን የእኛው አርበኞች ናቸው፤ “ለአገር ነው” ብለው፣ ባርከው አረዱት። ዳልቻው የተረፈው የዚያን ዕለት፣ ጠላት ሲመጣ ከብት በምንሸሽግበት ገደል ውስጥ ስለነበር ነው። ባለፈው ዓመት መሬቷ በወቅቱ ስላልታረሰ ያመረተችው እህል እስከ ግንቦት አልደረሰም። በዚህ ሰኔም ሳይታረስ ከቀረ ልጆቿ ክረምቱን አይወጡም። ይህን እሷ አትናገረውም። ጠዋት ጠዋት ወደ ሰማይ ታያለች፣ ከዚያ ወደ ልጆቿ፣ ከዚያ ወደ ዳልቻው። በዚህ ቅደም ተከተል።

ግንበኛው የመጣብን በመጋቢት ነው። ጣሊያን ነው፤ ወታደር ግን አልነበረም። ከደምበጫ ወዲህ ድልድይ ከሚሠሩት ሠራተኞች አምልጦ፣ መዶሻና የግንብ ማንኪያ በከረጢት ይዞ፣ ገደሉን እየተንሸራተተ መጣ። ሊገድሉት የተነሱ ነበሩ። ቄሰ ገበዙ፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ በእኔ አስጠየቁት።

“ምን ታውቃለህ በለው።”

“ድንጋይ” አለ።

የደብሩ ግንብ ከሁለት ዓመት በፊት በመድፍ ፈርሶ ነበር። በአሥር ቀን አቆመው። ከዚያ ወዲህ ማንም ጣሊያን ብሎ አልጠራውም፤ ግንበኛው ተባለ። ፈረንሳይ አገር ስደተኛ ሆኖ ስለኖረ ከእኔ ጋር በፈረንሳይኛ እንግባባ ነበር፤ ለአንድ ዓመት መጽሐፍ ሳላይ ለቆየሁት ለእኔ፣ ሰውየው ራሱ ቤተ መጻሕፍት ሆነልኝ። ኮሙኒስት ነበር። ማለቴ፣ ኮሙኒስቶቹ እስኪያባርሩት ድረስ።

“በስብሰባ ላይ አንድ ነገር ተናገርኩ” አለኝ አንድ ቀን፣ የድንጋይ ጠርዝ እየቀረጸ። “ሩስያ ለሩስያ የሚሆናትን ሠርታለች፤ የእኛ ገበሬ ግን የሩስያ ገበሬ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር የራሱን ይሥራ አልኩ። ከሁለት ወር በኋላ ወረቀት መጣ። አንድ መስመር ነው። ከሞስኮ ነው አሉኝ። ማን እንደጻፈው አልተነገረኝም፤ መልስ የምልክበትም አድራሻ አልነበረውም። ጓደኞቼ በነጋታው ሰላምታ ተውኝ።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወደ አገሬ ስመለስ ፋሺስቶቹ ያዙኝ፤ ለድልድይ ሥራም ወደዚህ ላኩኝ። እነሱ እንኳ አድራሻ ነበራቸው።”

እንዲህ ያለውን ሰው አለመውደድ አልቻልኩም። በሁለት ጎራ የተባረረ ሰው ሳይ ልክ ነው ብዬ የመነሳት ክፉ ልማድ አለብኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ሐሳቡ የመጣው ግንቦት ሲያልቅ፣ በመንደሩ የቀሩትን በሬዎች ቆጥረን አሥራ አንድ ሲሆኑ ነው። ቤቱ ከሠላሳ በላይ ነው። በሬ ያለው እንደ አክስቴ አንድ ብቻ ነው ያለው፤ የሌለው ምንም የለውም። ግንበኛው ለእኔ ነገረኝ፣ እኔ ለመንደሩ። የተሰበሰብነው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ነበር።

ሽማግሌው ጎረቤታችን ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ስበው አስጨረሱኝና፣ “የዚህ ሰው አገር ደቦ የለም እንዴ?” አሉኝ።

“የለም።”

“ምስኪን። እና ደቦ ሊያስተምረን መጣ?”

“ደቦ አይደለም፣ አያ። በደቦ የምንዋዋሰው ጉልበት ነው፤ በሬው የባለቤቱ ነው። እሱ የሚለው በሬው ራሱ የሁሉም ይሁን ነው። ተራው በበሬ ሳይሆን በአፍ ይያዝ። ብዙ አፍ ያለበት ቤት አስቀድሞ ይታረስ፤ በሬ ቢኖረውም ባይኖረውም።”

“በአፍ!” አሉ፤ ዘወር ብለው ሕዝቡን ለምስክርነት አዩ። ሚስታቸው ሞታ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩ። “የኔ ቤት ያለው አንድ አፍ ነው። በሬዬን ሰጥቼ ከመጨረሻ ልሰለፍ?”

አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ “ኧረ አያ፣ የእርስዎ አፍማ ብቻውን የስድስት ሰው ያወራል፤ ከሁሉ ቀድሞም ሊደርስዎት ይችላል” አለች።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ወላጆቻቸው አገዎች ናቸው፤ ሲናደዱ ወደ አውኚ ይገባሉ። ጥቂት በአውኚ አጉረመረሙና ወደ አማርኛ ተመለሱ።

“ሳቂ፣ አንቺ። የኔ ጉራቻ ባይኖር ያንቺን ዳልቻ ከምን ጋር ልትጠምጂው ነበር? ከዶሮ ጋር?”

“የእርስዎስ ጉራቻ?”

“እሱማ ያለ ዳልቻው እግሩን አያነሳ! እሱ አይደል የኔ ጣጣ!”

ግንበኛው ክንዴን ይዞ፣ “ምን አሉ? ተስማሙ?” አለኝ።

“ገና ናቸው። ግን ከሳቁ ግማሹ አልቋል።”

ቄሰ ገበዙ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። “አንድ ነገር ጠይቅልኝ” አሉ። “ይህን ያዘዘው ማነው?”

ጠየቅሁት። ግንበኛው እንደዚያ ፊቱ ሲበራ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። “ማንም” አለ። “ማንም አላዘዘውም በላቸው። እነሱ ካሉ ሆነ፤ ካላሉ አልሆነም።”

ቄሱ መስቀላቸውን እያገላበጡ አሰቡ። “ማንም ያላዘዘው ነገር ሲፈርስ ማን ይጠየቃል?” አሉ። ይህን አልተረጎምኩለትም። የገበሬ ቄስ ተንኮል መሰለኝ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ጉዳይ ላይ የተጠየቀ ደህና ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር።

ተስማሙ። ያስማማቸው ግን የእኔ ፈረንሳይኛ አይደለም፤ ረኀብ ነው። ሽማግሌው እንኳ፣ አክስቴ ፊት “ፈራ” እንዳይባሉ፣ ጉራቻቸውን ከሁሉ ቀድመው ጎትተው አመጡ። ግንበኛውም ለአሥራ አንዱ በሬ በረት ሠራላቸው። የእኛ አገር በረት የእሾህ አጥር ነው፤ ችግር ሲመጣ ከየትም በኩል ጥሰህ ትወጣለህ። እሱ የሠራው በደረት ቁመት የድንጋይ ግንብ፣ አንድ በር ብቻ ያለው፣ በወፍራም ግንድ የሚዘጋ ነበር። ሕዝቡ እየዞረ አደነቀ። እኔም አደነቅሁ። አንድ በር ብቻ መሆኑን የቆጠረ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያማረ ነበር። ዘጠኝ አፍ ያለው ቤት ተጀመረ፤ ሰባት ያለው ተከተለ። ከወረራው ወዲህ የበሬ ዱካ በመሬታቸው ላይ ያላዩ ሰዎች ማሳቸው ሲገለበጥ ቆመው ያያሉ። የአክስቴ አምስት አፍ፣ እኔን ጨምሮ፣ ከመካከል ነበር፤ ተራዋ የሰኔ ሚካኤል ማግስት ሆነ። ዘሩን ከወዲሁ አበጥራ በቅል አስቀመጠች፤ ልጆቿ እንዳይነኩት ቅሉ ላይ በከሰል መስቀል ሠራችበት። እነሱም ቅሉ አጠገብ ተቀምጠው ያዩታል እንጂ አይነኩትም።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ባለ በሬ ወደ በረቱ ሮጦ መጣና “ጠላት መጣ! በሬዬን ገደል ላግባ” ብሎ አወጣው። ጠላት አልነበረም። በሬው የተገኘው ከገደሉ ሥር፣ ከማዶ መንደር በሬ ጋር ተጠምዶ የሰውየውን የድብቅ ቁራጭ መሬት ሲያርስ ነው። በነጋታው ሌላው “እኔም ወሬ ሰምቻለሁ” ብሎ አወጣ። ነገሩ በሦስት ቀን ሊፈርስ ሆነ፤ የአክስቴ ተራ ደግሞ አልደረሰም።

ብልሃቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። መጽሐፍ ያነበበ ሰው ራሱ የማያምንበትን የሌላውን እምነት መሣሪያ ማድረግ ይወዳል፤ አዋቂነት ይመስለዋል። ይህ ሕዝብ ሹም አይፈራም፣ ጣሊያንን አይፈራም፣ ግዝት ግን ይፈራል። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው “እንዲህ ያደረገ የተገዘተ ይሁን” ካሉ፣ ያንን የጣሰ ሰው አይቆርብም፤ ሲሞትም ፍትሐት የለውም። ለግንበኛው አስረዳሁት።

“ማን ይፈታዋል?” አለ።

“ያሰሩት ቄስ።”

“እሳቸው ብቻ?”

“ያሰረ ይፈታል፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ምን አሳሰበህ? ጎረቤታችን እኮ ናቸው፤ ሲያስሉ ይሰማናል።”

“ሁሉም ጎረቤት ሆነው ነው የሚጀምሩት” አለ። “ሕዝቡ ያሰረውን ሕዝቡ መፍታት ካልቻለ፣ ወዳጄ፣ አንድ መስመር ወረቀት ነው የሰጠኸኝ።”

ሳቅሁበት። እሱ አውሮፓን ተሸክሞ እየዞረ ነው አልኩት። እኛ አገር ነገሩ ሌላ ነው፤ ያንተንም ሐሳብ የሚያጸናልህ የአገሩ ልማድ ብቻ ነው አልኩት። እያንዳንዱ አገር የራሱን ይሥራ አላልክም? በገዛ ቃሉ አሰርኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ከበረቱ በር ቆሙ። ከእርሻ ተራ በቀር ከዚህ በረት በሬ ያወጣ፣ ያስወጣ፣ ጠርቶም ያስከተለ፣ እኔ ካልፈታሁት በቀር፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን የተገዘተ ይሁን አሉ። “ጠላት መጣ ብሎም ቢሆን” የሚለውን ከጆሯቸው ሥር ሆኜ ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡ “ይሁን” አለ። አጭበርባሪው ሰውዬ ከሁሉ ይልቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ይሁን” አለ።

ግዝቱም ሠራ። እንዲያ የሠራ ሕግ ከዚያ ወዲህ በየትኛውም መንግሥት አላየሁም።

በሰኔ ወር መጀመሪያ የቄሱ ባለቤት ታመሙ። ቄሱ ጸበል ለማምጣት ወደ ግሽ ዓባይ ተነሡ። “ለሚካኤል እደርሳለሁ” አሉ። ሚካኤል ደረሰ፤ እሳቸው አልደረሱም።

የሰኔ ሚካኤል ጠዋት ዝናቡ ደህና አድርጎ ዘንቦ አባርቶ ነበር። መሬቱ ቢታረስ እንደ ቅቤ ይታረስ ነበር፤ በዓል ነውና ማንም ሞፈር አልነካም። አሥራ አንዱም በሬ በረት ውስጥ ናቸው። ጣሊያን የእኛን በዓላት ከእኛ የተሻለ ያጠና ነበር፤ ገበሬ ከነከብቱ የሚገኝበትን ቀን ያውቃል። ቅዳሴ ሳያልቅ ከጋራው ላይ ጥሪ ተሰማ፤ ከቡሬ በኩል ካሚዮኖች ቆመዋል፣ ወታደር ከነበቅሎው ቁልቁል እየወረደ ነው። ጭቃው ያዘገያቸዋል እንጂ የቀረው ጊዜ ቢበዛ አንድ ማሳ የመዞሪያ ያህል ነው። ገደሉ ደግሞ ከበረቱ ሥር ነው። አሥራ አንድ በሬ ገደል ለማስገባት ከበቂ በላይ ጊዜ ነበር።

ሁላችንም ወደ በረቱ ሮጥን። በሩ ላይ ስንደርስ ሁሉም ቆመ።

እንዲያ ያለ አቋቋም አይቼ አላውቅም። ሃምሳ የሚያህል ሰው ከአንድ ግንድ በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፤ እጁን የሚዘረጋ የለም።

“አውጡ እንጂ!” አልኩ። “ምን ትጠብቃላችሁ? ይህ ግዝት ለዚህ አልተባለም!”

“አልተባለም?” አሉኝ ሽማግሌው ጎረቤታችን። ፊታቸው አመድ መስሏል። “‘ጠላት መጣ ብሎም ቢሆን’ ያስባልከው አንተው አይደለህም እንዴ፣ አንተ ተማሪ?”

በቄሰ ገበዙ ፋንታ የቀደሰው ወጣት ቄስ ከነልብሰ ተክህኖው ተከትሎን መጥቶ ነበርና ወደ እሱ ዞርኩ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። “ያላሰርኩትን መፍታት አልችልም” አለ። “ማሩኝ፤ አልችልም።”

ግንበኛው ሁኔታው ገባው። ለመተርጎም አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ “እኔን አይይዘኝም” አለ፤ ግንዱን አነሣና ወደ በረቱ ገባ። ሕዝቡ በእፎይታ የተነፈሰው ትንፋሽ ተሰማኝ። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ኃጢአቱን የሚሸከምልን ሰው ስላገኘን ደስ አለን።

በሬዎቹ ግን አያውቁትም። የጎጃም በሬ የሚያውቀው የባለቤቱን ድምፅ ነው። በራሱ ቋንቋ ጮኸባቸው፣ ገፋቸው፣ ጭራቸውን ጎተተ፤ እየተፋፈጉ ወደ ኋላ፣ ወደ ግንቡ ተጠጉ። ግንቡን በደንብ ነበር የገነባው። “ጥሯቸው!” አለ ወደ እኛ በአማርኛ፤ ከሚያውቃት ጥቂት አማርኛ። “ጥሯቸው፣ ጥሯቸው ብቻ!”

ጠርቶ ያስከተለም የተገዘተ ነው። ከጎኔ የነበረው ገበሬ ድምፁ አምልጦ እንዳይወጣ የጋቢውን ጫፍ ወደ አፉ ጠቅጥቆ ነክሶ ይዟል። በሬው ከግንቡ በላይ አንገቱን አስግጎ ያየዋል፤ እሱ ፊቱን አዞረ።

አክስቴ ታናሹን ልጇን አዝላ ነበር። አዝላ እንደሆነች ወደ በሩ ሄደች። ማንንም አልገሠጸችም፤ የተናገረችው ለራሷ ይመስል ነበር። “ለነፍሴ ኋላ እሟገትላታለሁ” አለች፤ ከዚያ ድምፏን ከፍ አድርጋ “ና ዳልቻ! ና የኔ ጌታ!”

ዳልቻው ከመካከል ሰንጥቆ ወጣ። ጉራቻውም፣ ያለ እሱ እግሩን የማያነሳው፣ ተከትሎት ወጣ። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጉራቻው ዘረጉ፤ ለመያዝ ይሁን ለመመለስ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መንገድ ላይ ተዉት። ሁለቱ በሬዎች እሷን ተከትለው ወደ ገደሉ ወረዱ።

ሌላ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ነበር። ባየሁት ጊዜ የነበረኝ ተስፋ አሁን ድረስ ያመኛል። የመጀመሪያው ጥይት ያን ጊዜ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ እንደ ጤፍ ተበተነ። እኔም ሮጥኩ፤ ከቁጥቋጦ ሥር ተደፋሁ። ግንበኛው አልወጣም። ቀና ብዬ ሳይ ዘጠኙን በሬ አሁንም ወደ በሩ እየገፋ ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ከሄደም በኋላ። ወታደሮቹ ደርሰው አንድ ጥቁር አስካሪ፣ ለጣሊያን የተቀጠረ ወታደር፣ በአንድ ፉጨት ዘጠኙንም አወጣቸው፤ ገበሬ የነበረ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ግንበኛውን እጁን ከኋላው አስረው ከመጨረሻው በሬ ቀንድ ጋር በገመድ ቋጠሩት፤ ጋራውን ሲወጡ አየሁ። ቡሬ ምሽግ ውስጥ ተረሸነ የሚል አለ፤ በመርከብ ወደ አገሩ ተላከ የሚልም አለ። ከነጻነት በኋላ መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅሁም።

ከዚያ የመጡትን ቀናት ከዕለቱም ይልቅ ነው የምጠላቸው። ዝናቡ ይዘንባል፣ ያባራል፤ እንደዚያ ያለ የእርሻ ጊዜ በአሥር ዓመት አንዴ ነው የሚገኝ። አክስቴ ሁለት በሬ አላት። ማንም ግን አይጠጋትም። ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ ይነሣሉ። ጉራቻውን ወደ ሽማግሌው ደጅ ነዳችው።

“በሬዎ ይኸው፣ አያ።”

“የኔ በሬ ግዝት ውስጥ ነው ያለው።”

“ይኸው ቆሞ ያይዎታል እኮ!”

“እኔ የማየው የለም” አሉ፣ ወደ ጉራቻው ዓይን ላለማየት ሰማይ ሰማይ እያዩ።

“እንግዲያው ላርስበት ይፍቀዱልኝ። ነገ ካልዘራሁ አልቆልኛል፤ ያውቃሉ።”

“የኔ ባልሆነ በሬ ምን ፈቃድ አለኝ?” አሉ። “ቄሱ ይምጡ። ቄሱ ይምጡና ያሉትን ይበሉ።”

እሷም ብትሆን ያለ ሽማግሌው ቃል በሰው በሬ ልታርስ አልደፈረችም። ግዝቱን ጥሳለች፤ የመቀናጆን ሕግ ግን አልጣሰችም። እኔ ጠምጄ ላርስ ብዬ ሞፈሩን አነሣሁ፤ ቀማችኝ። “አንተ ባወቅከው ያለቅነው ይበቃናል” አለች። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተናገረችኝም።

ቄሰ ገበዙ በአምስተኛው ቀን ደረሱ። ጸበሉን በቅል ይዘዋል፤ እግራቸው ቆስሏል። መንደሩ ሁሉ ከበረቱ ፊት ቆሞ ጠበቃቸው። ባዶውን በረት አዩና ቅሉን ቀስ አድርገው መሬት ላይ አስቀመጡ።

“አላወጣችኋቸውም?” አሉ።

“እርስዎ ሳይፈቱ እንዴት ብለን፣ አባ?” አሉ ሽማግሌው።

ቄሱ የግንቡን ጫፍ ይዘው ተቀመጡ። “የሚካኤል ዕለት ጠዋት ከቡሬ በላይ ካለው ጋራ ላይ ነበርኩ” አሉ። “ካሚዮኖቹ ወደ እኛ ሲዞሩ አየሁ። ሮጬ አልቀድማቸውም። ፊቴን ወደ ደብሩ መልሼ፣ መስቀሌን አንሥቼ፣ ፈትቻለሁ አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩ። ከዚያ አስካሪ መንገዱን ስለያዘው ዋሻ ገብቼ ከረምኩ። እዚያም ሆኜ፣ በሬዎቹ ገደል ገብተዋል ብዬ ተመስገን ስል ነበር” አሉ።

ጋቢውን የነከሰው ገበሬ ተንበረከከ። እኛ በሩ ላይ ስንቆም በሬዎቹ የተፈቱ ነበሩ። የተፈቱ በሬዎችን ነበር ከበን የቆምነው።

አክስቴ ብቻ ወደ ፊት መጣች። “እንግዲያማ እኔ የጣስኩት የለም፣ አባቴ።”

ቄሱ ቀና ብለው አዩዋት። ሊያለቅሱ የደረሱ መሰለኝ፤ ደንባቸውን ግን አልተዉም። “መፈታቱን አላወቅሽም፣ ልጄ። ለአንቺ እንደታሰረ ነበር። የታሰረ መስሎሽ አወጣሽው። ቀኖና አለብሽ።”

“ምን?”

“መቶ ስግደት። ከጾሙ ሌላ ደግሞ የሰባት ቀን ጾም።”

“ጾሙንስ ጀምረነዋል” አለች። “ስግደቱን ከእርሻ በኋላ እሰግዳለሁ። አሁን ለእኒህ ሰውዬ በሬያቸው የሳቸው መሆኑን ይንገሩልኝ።”

ነገሯቸው። ሽማግሌው መጥተው ጉራቻውን ራሳቸው ጠመዱ፤ እሷም ቀንበሩን አብራቸው ያዘች። በዚያች ቀንና በተከታዩ የእሷን ማሳ አረስን፤ ከዘራችው በኋላ በሬዎቹን ወደ ጎረቤት ነዳችው፤ አራት አፍ ወዳለበት ቤት፤ ከዚያ ሦስት ወዳለበት። ስብሰባ አልተጠራም፤ ማንም ሐሳቡን ስም አልሰጠውም። ሽማግሌውም የእኔ አንድ አፍ መቼ ነው ብለው አልጠየቁም። ሰባት ቤት ከታረሰ በኋላ፣ በሐምሌ አጋማሽ፣ ጉራቻው በማሳ ውስጥ ተኛና አልተነሣም። ዳልቻው አጠገቡ ቆሞ ዋለ።

የዘሯ ምርት ከመድረሱ በፊት፣ በጳጉሜ፣ አዝላው የነበረው ልጇ ሞተ። አምስት ቀን ዘግይታ ነበርና የዘራችው፣ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር። ሁለቱ ተርፈዋል። አንደኛው ዛሬ እኔን ለመጠየቅ ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ይጠርጋል።

በረቱ እስከ አሁን ቆሟል። ባለፈው ዓመት ሄጄ አይቼዋለሁ። የተጠረበ ድንጋይ ብርቅ በሆነበት አገር አንድም ሰው አንዲት ድንጋይ ከዚያ ግንብ አልወሰደም። ለምን ብዬ አንዱን ገበሬ ጠየቅሁት።

“ግዝት አለበት ይባላል” አለኝ።

“ተፈትቷል እኮ” አልኩት።

“ማን ነገረህ?” አለኝ።